ዲፈረንሻሉን ከ2.73 ወደ 3.73 ከቀየርኩ በኋላ አውቶማቲኩ ካምቢዮ ጸባዩ ተቀየረብኝ፣ ችግሩ ካምቢዮው ነው ወይስ ጥርሱ?

ሼቬል_70

ሰላም ጓዶች እንዴት ናችሁ። የ1970 ሼቭሮሌ ሼቬል አለችኝ፣ 350 ቪ8 ሞተር ከቲኤች350 (ባለ 3 ማርሽ አውቶማቲክ) ካምቢዮ ጋር፣ ሞተሩም ካምቢዮውም እንደ ፋብሪካው ነው ምንም አልተነካካም። ዲፈረንሻሏ 2.73 ነበር (ፕሮፔለር ሻፍቱ 2.73 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንዴ ይዞራል ማለት ነው)፣ ስትነሳ ስለምትከብድ 3.73 ጥርስ አስገባሁላት፣ ጎማው ያው የድሮው ነው ቁመቱ 66 ሳንቲሜትር አካባቢ። ስትነሳ አሁን ሌላ መኪና ሆናለች፣ በሱ በጣም ደስ ብሎኛል። ግን ከዛ በኋላ ያለው ነገር ግራ አጋብቶኛል።

ቀስ ብዬ ስነዳ ገና ከመነሳቷ 2ኛ ገባ፣ ሳይቆይ ደግሞ 3ኛ ገባ፣ 30 ኪሎሜትር ላይ 3ኛ ውስጥ ነኝ ማለት ነው። እዛ ላይ ትንሽ ቤንዚን ስጨምርላት ድሮ ከምትጎትተው ያነሰ ነው ምትጎትተው፣ ጉልበት ፈልጌ ነው ጥርስ የቀየርኩት እና እንዴት ነው እዚ ጋ ሚያንሰው? ሌላው ፔዳሉን ግማሽ ድረስ ረግጬ ስሄድ ከ1 ወደ 2 ሲቀይር ከኋላ በኩል ዱብ ሚል ነገር አለ፣ ድሮ እንደዚ አይልም ነበር። ደግሞ ድሮ በ100 እየሄድኩ ፔዳሉን እስከ ታች ስረግጠው ወደ 2ኛ ይወርድልኝ ነበር አሁን በጭራሽ አይወርድም። (ፍጥነቱን ምለካው በስልክ ጂፒኤስ ነው፣ የመኪናዋ ቆጣሪ ከእውነቱ አብልጦ ማሳየት ጀምሯል።)

አንድ መካኒክ ሰምቶት የካምቢዮው ክላች እያለቀ ነው ተፈትቶ መሰራት አለበት አለኝ። ዘይቱን አየሁት ቀይ ነው የተቃጠለ ሽታም የለውም። ከማስፈታቴ በፊት ሚያውቅ ሰው ቢያስረዳኝ።

ጥርስና_ዘይት

ወንድሜ ካምቢዮውን እንዳታስፈታ። የጻፍከው በሙሉ፣ ምናልባት ከዱብታው በስተቀር፣ ጤነኛ ቲኤች350 ከ3.73 ጋር ሲገናኝ ማድረግ ያለበት ነገር ነው።

መጀመሪያ ካምቢዮው መቼ ልቀይር ብሎ ሚወስነው በምን እንደሆነ እንይ። እነዚህ የድሮ ካምቢዮዎች ኮምፒውተር የላቸውም፣ ሁለት ነገር ነው ሚያዳምጡት። አንደኛው ገቨርነር ነው፣ በካምቢዮው መውጫ ሻፍት ሚዞር ክብደትና ሞላ ያለው ነገር፣ ሻፍቱ በፈጠነ ቁጥር ሚልከው የዘይት ግፊት ይጨምራል፣ ያ ግፊት ማርሹን ወደ ላይ ይገፋል። ሁለተኛው ቫኪዩም ሞዱሌተሩ ነው፣ ከሞተሩ ማኒፎልድ (የአየር መግቢያው) ቫኪዩም ማለትም የመሳብ ኃይል እየወሰደ ሞተሩ ምን ያህል ጭነት እንዳለበት ይናገራል፣ ጭነት ሲበዛ ማርሹን ያዘገየዋል የክላቹንም ግፊት ያጠነክረዋል። ሁለቱ እየተገፋፉ ነው ማርሽ ሚቀየረው። እዚ ጋ ልብ በል፣ ገቨርነሩ ጎማህ ስንት እየሄደ እንደሆነ አያውቅም፣ ሚያውቀው ፕሮፔለር ሻፍቱን ብቻ ነው። ከሻፍቱና ከጎማው መሀል ደግሞ ያለው ያ የቀየርከው ጥርስ ነው።

አሁን በቁጥር። በ66 ሳንቲሜትር ጎማ መኪናዋ በሰዓት 1 ኪሎሜትር ስትሄድ ጎማው በደቂቃ 8 ጊዜ ገደማ ይዞራል። በ2.73 ጊዜ ቀስ ስትል ከ1 ወደ 2 በ24 ኪሎሜትር ይቀይር ነበር እንበል፣ እዛ ላይ ሻፍቱ 527 ዙር አካባቢ ነው። በ3.73 ያችኑ 527 ዙር ምትደርሰው 17.6 ኪሎሜትር ላይ ነው። ከ2 ወደ 3 ሚቀይረው በ40 ከነበረ አሁን 29 ላይ መጣ። ገቨርነሩ ምንም አልሆነም፣ ያው የድሮ ቁጥሩ ላይ ነው የቀየረልህ፣ በመንገድ ፍጥነት ስታየው ግን ሁሉም ነገር ወደ 73 በመቶው ወርዷል።

እና ጉልበቱ ለምን አነሰ ላልከው፣ ይሄ ብዙ ሰው ሚያስተውለው ግን ሚያስረዳለት ሚያጣው ነገር ነው። ቲኤች350 1ኛው 2.52 ነው 2ኛው 1.52 ነው 3ኛው 1 ለ 1። ድሮ በ35 ኪሎሜትር ስትሄድ 2ኛ ላይ ነበርክ፣ 1.52 በ2.73 ስታበዛው 4.15 ይመጣል። አሁን በዛው 35 ላይ 3ኛ ነህ፣ ጠቅላላ ያለህ 3.73 ብቻ ነው። ማለትም እዛች ፍጥነት ላይ በእውነትም ከድሮው 10 በመቶ ያነሰ ነው ያለህ፣ ስሜትህ አልዋሸህም። ከ18 እስከ 24 ባለውም እንደዛው ነው፣ ድሮ 1ኛ ላይ 6.88 ነበር አሁን 2ኛ ላይ 5.67 ነው። ከዛ ውጪ ባለው ፍጥነት ሁሉ አሁን ትበልጣለህ፣ ስትነሳ 9.40 ነው ያለህ ድሮ 6.88 ነበር፣ ለዛ ነው ሌላ መኪና ሆነች ያልከው።

አንድ ነገር ደግሞ ላይ ጨምርበት። ጥርሱ ስላጠረ (ቁጥሩ ስለጨመረ ማለት ነው) መኪናዋን እንደ ድሮው ለማስኬድ ከሞተሩ ምትፈልገው ጉልበት ቀንሷል፣ እግርህም ሳታስበው ፔዳሉን ያነሰ ነው ሚረግጠው። ያነሰ ሲረገጥ ቫኪዩም ይጨምራል፣ ሞዱሌተሩ ጭነት የለም ይላል፣ ስለዚ ማርሹ ከ17.6ም ቀደም ብሎ ሊገባ ይችላል፣ ሲገባም ለስለስ ብሎ ነው። ቶሎ ቶሎና ልስልስ ብሎ መቀየሩ ከዚ ነው ሚመጣው።

ቪ8_ብቻ

ጥርስና_ዘይት ያልከው ጥሩ ነው ግን አንድ ነገር ላይ አልስማማም። እኔ በኔ መኪና ከጥርስ ለውጥ በፊትም በኋላም በሙሉ ፔዳል የሞተር ዙር መቁጠሪያውን እያየሁ ነድቻለሁ፣ ያው 4600 አካባቢ ነው ሚቀይረው፣ አልተነቃነቀም። ስለዚ ጥርስ የማርሽ መቀየሪያ ነጥብን ይቀይራል ማለት ልክ አይመስለኝም፣ ካምቢዮው ጥርሱን አያውቀውም።

ጥርስና_ዘይት

ቪ8_ብቻ አልተቃረንም እኮ፣ መለኪያችን ነው የተለያየው። አንተ በሞተር ዙር እየለካህ ነው፣ እሱ በመንገድ ፍጥነት። ገቨርነሩ በመውጫ ሻፍቱ ላይ ስለሆነ የሞተሩና የሻፍቱ ግንኙነት ደግሞ የማርሹ ሬሾ ብቻ ስለሆነ (ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር በዘይት ሚያገናኘውን የቶርክ ኮንቨርተሩን መንሸራተት ለጊዜው እንተወው) በሙሉ ፔዳል ሞተሩ ሚቀይርበት ዙር ጥርስ ቢቀየርም ያው ነው። 4600 በ1ኛ ማለት ሻፍቱ 1825 ነው፣ ይሄ በ2.73 83 ኪሎሜትር ላይ ነው በ3.73 61 ላይ። ከ2 ወደ 3 በ2.73 138 ላይ ነበር አሁን 101 ላይ ነው። በጣም አጭር ጥርስ ሲሆን ሞተሩ ቶሎ ስለሚወጣ ክላቹ እስኪይዝ ድረስ ዙሩ ትንሽ አልፎ ሊሄድ ይችላል፣ ያም ብዙ አይደለም።

ሼቬል_70 የኪክዳውንህ (ፔዳሉን እስከ ታች ስትረግጥ ማርሹ ሚወርደው) መልስም እዚ ውስጥ ነው። በሙሉ ፔዳል እንኳን 2ኛ ሚያልቀው 101 ላይ ከሆነ በ100 እየሄድክ ወደ 2ኛ ውረድ ብትለው ሞተሩን እላይ ጫፍ ላይ ነው ሚጥለው፣ ካምቢዮው ሆን ብሎ ነው እምቢ ያለህ። መውረጃው ሁሌም ከመውጫው ዝቅ ያለ ነው፣ ድሮ እስከ 115 ድረስ ይወርድልህ ከነበረ አሁን ከ84 በላይ አይወርድም። በ70 ሞክረው፣ እዛ ላይ ካልወረደ ያኔ የኪክዳውን ገመዱን እናያለን።

ሼቬል_70

በጣም ነው ማመሰግነው፣ በ70 ሞክሬው ወርዷል በደንብ ነው የወረደው። እሺ እንግዲ ካምቢዮው ጤነኛ ነው ካላችሁኝ እነዚህን መቀየሪያዎች ወደ ድሮ ቦታቸው መመለስ ይቻላል? ሺፍት ኪት አስገባ ያለኝ ሰው አለ፣ ሌላው ደግሞ ገቨርነሩን ቀይር አለኝ። ዱብታውስ?

ባለናፍጣው

እኔ በሌላኛው አቅጣጫ ስለሄድኩ ልምዴን ላካፍል። መርሰዲስ ደብሊው123 300ዲ ነው፣ ቱርቦ የሌለው፣ 3.46 ዲፈረንሻል ነበረው፣ ረጅም መንገድ ላይ ሞተሩ እንዲያርፍ ብዬ የቱርቦውን 3.07 አስገባሁበት። የሆነው አንተ ካልከው ተቃራኒ ነው፣ ማርሹ ሁሉ ወደ 13 በመቶ ከፍ ባለ ፍጥነት ላይ ሄደ፣ ቀስ ስል እያንዳንዱ ማርሽ ላይ ይቆያል፣ ዳገት ላይ ደግሞ ፔዳሉን አብዝቼ ስለምረግጥ ማርሹ ሲገባ ጠንከር ይላል። ካምቢዮው አልተነካም፣ የተቀየረው እኔ ምረግጠው ነው።

በናፍጣ ሞተር ማኒፎልድ ውስጥ እንደ ቤንዚኑ ቫኪዩም ስለሌለ መርሰዲስ ቫኪዩሙን ከፓምፕ ወስዶ በኢንጀክሽን ፓምፑ ላይ ባለ ቫልቭ ነው ሚቆጣጠረው፣ ፔዳል ስትረግጥ ቫልቩ ቫኪዩሙን ይቀንሳል ሞዱሌተሩም ያጠነክራል። መቼ ይቀየር ሚለው ደግሞ ከፔዳሉ ጋር በተያያዘ ገመድ ነው። ስለዚ እኔ ገመዱን ትንሽ ላላ በማድረግ ማርሹን ቀደም አድርጌዋለሁ፣ ጥንካሬውን ደግሞ በቫኪዩሙ ብቻ ነው ያስተካከልኩት። ሁለቱ ለየብቻ መስተካከላቸው ትልቅ ነገር ነው፣ ባንተ ቲኤች350 ላይ ግን ሁለቱም በአንድ ሞዱሌተር ነው ሚያልፉት፣ ጊዜውን ስትነካ ጥንካሬውም አብሮ ይነካል።

ጥርስና_ዘይት

ባለናፍጣው ያለው ቁም ነገር ነው። ወደ ጥያቄህ ልምጣ።

ሺፍት ኪት ሚሰራው ክላቹ ቶሎና ጠንክሮ እንዲይዝ ነው፣ መቼ ይቀይር ሚለውን በራሱ አያስተካክልልህም። አሁን ያለህ ችግር ቶሎ መቀየሩ ነው፣ ሺፍት ኪት ካስገባህ ያው ቶሎ ይቀይራል ግን በርግጫ ይቀይራል፣ ያ ደግሞ ዱብታህን ያባብሰዋል። ተወው።

ገቨርነሩን መቀየር ይቻላል፣ ፋብሪካዎቹም እንደ ሞተሩና እንደ ጥርሱ የተለያየ ገቨርነር ያስገቡ ነበር። ቀለል ያለ ክብደት ካስገባህ ያንኑ ግፊት ለማምጣት ሻፍቱ የበለጠ መፍጠን አለበት፣ ስለዚ ማርሹ ይዘገያል። ግን ሂሳቡን ሳትሰራ አትግባ፣ ምክንያቱም ገቨርነር ቀስ ስትልም በሙሉ ፔዳልም እኩል ነው ሚሰራው። የቀስታውን መቀየሪያ ሙሉ በሙሉ ወደ 24 ልመልስ ካልክ ሁሉንም በ37 በመቶ ማሳደግ አለብህ፣ ያኔ በሙሉ ፔዳል 4600 የነበረው 6280 ይሆናል። ባልተነካ 350 ሞተር ላይ ይሄ የማይሆን ነገር ነው፣ ሞተሩ እዛ ከመድረሱ በፊት ጉልበቱ ያልቃል፣ ከዛ በላይ መግፋት ደግሞ ማበላሸት ነው። ክብደቱን በ20 በመቶ ብትቀንስ በግምት 12 በመቶ ነው ሚዘገየው፣ ማለትም 4600 ወደ 5150 አካባቢ ይሄዳል፣ 17.6 ደግሞ ወደ 20 ገደማ ይመጣል። (ትክክለኛው ገቨርነር ሁለት ደረጃ ክብደትና ሞላ ስላለው ሂሳቡ ግምት ነው፣ አቅጣጫው ግን ይሄ ነው።) ለአብዛኛው ሰው መጠነኛ ካም (ቫልቮቹን ሚከፍተው ዘንግ) ላለው ሞተር ይሄ ጥሩ ነው፣ ላንተ ግን 5150ም ትንሽ ይበዛል።

ላንተ እኔ ምመርጠው ሞዱሌተሩን ነው። ሚስተካከል አይነት ሞዱሌተር አለ፣ የቫኪዩም ቱቦው ሚገባበት አፍ ውስጥ ትንሽ ቡሎን አለችው፣ ወደ ቀኝ ስታስገባት ማርሹ ይዘገያል፣ ጠንከርም ይላል። ጥቅሙ ይሄ ነው፣ በሙሉ ፔዳል ቫኪዩም ወደ ዜሮ ስለሚወርድና እዛ ላይ የኪክዳውን ገመዱ ስለሚያዝዝ ሙሉ ፔዳሉን ብዙም ሳትነካ የቀስታውንና የመካከለኛውን ነጥብ ታነሳለህ። አንድ ዙር አስገባ፣ ካምቢዮው በደንብ ከሞቀ በኋላ ንዳው፣ ከዛ ወስን። ሲቀዘቅዝ ለክተህ አትወስን ዘይቱ ወፍራም ስለሆነ ያሳስትሃል። ወደ ግራ ብዙ አትመልሳት፣ ግፊቱ ሲያንስ ማርሹ ይለሰልሳል ብለህ ደስ ሊልህ ይችላል ግን ክላቹ እየተንሸራተተ ነው ሚይዘው፣ እሱ ነው ክላች ሚጨርሰው።

መካኒኩ ላለህ ነገር ደግሞ፣ ክላች ሲያልቅ ማርሽ ሲቀየር ሞተሩ መሀል ላይ ይጮህና ከዛ ነው ሚይዘው፣ አንተ ያንን አላልክም። ሞዱሌተሩ ተቀዶ ቢሆን ኖሮ ማርሹ ይዘገይና በኃይል ይገባ ነበር፣ የካምቢዮ ዘይትም በቱቦው እየተሳበ ሞተሩ ውስጥ ገብቶ ነጭ ጭስ ታይ ነበር። የገቨርነሩ ጥርስ ቢበላ ደግሞ ከ1ኛም አይወጣም። ያንተ ምልክት ከነዚህ ሁሉ ተቃራኒ ነው።

ክሮቸራ_አጥባቂ

ስለ ዱብታው እኔ ልናገር ምክንያቱም እዚ ጋ ሰው ሁሌ ካምቢዮ ላይ ነው ጣቱን ሚቀስረው። ከ1 ወደ 2 ሲቀየር ሞተሩ ከነበረበት ዙር ወደ 60 በመቶው መውረድ አለበት፣ 3000 ከነበረ 1810 ማለት ነው። ያ ሁሉ ሚዞር ብረት ሲዘገይ ጉልበቱ ወደ ሻፍቱ ነው ሚገባው፣ እንደ ምት። ያው ምት በ2.73 ሲያልፍ በ2.73 ተባዝቶ ጎማ ጋ ይደርሳል፣ በ3.73 ሲያልፍ በ3.73 ተባዝቶ፣ 37 በመቶ ይበልጣል። ስለዚ ካምቢዮው በትክክል እንደ ድሮው ቢቀይርም ወንበርህ ላይ ሚደርሰው ምት ይበልጣል። ቀስ ስትል ማይሰማህ ግፊቱ ስለሚቀንስ ነው፣ ግማሽ ፔዳል ላይ ግን ግፊቱም አለ ጥርሱም ያበዛዋል፣ እዛ ላይ ነው ሚሰማህ።

ይሄ ጠንከር ያለ ስሜት ከሆነ ጤነኛ ነው። ዱብ ሚል የብረት ድምፅ ከሆነ ግን አንድ ቦታ ላይ ልቅ ነገር አለ ማለት ነው፣ እና ጥርስ በቅርብ ስለተቀየረ መጀመሪያ ማየው እዛው ነው። በክራውኑና በፒኒየኑ ጥርሶች መሀል ያለው ክፍተት በነዚህ ዲፈረንሻሎች በብዛት ከ0.15 እስከ 0.25 ሚሊሜትር ነው፣ በዲያል መለኪያ ሚለካ ነገር ነው፣ ያስገባልህ ሰው ለክቶ ቁጥሩን ይንገርህ። ከዛ በፕሮፔለር ሻፍቱ ሁለቱም ጫፍ ያለውን ክሮቸራ (መገጣጠሚያ) እይ፣ መኪናዋ ቆማ ሻፍቱን በእጅህ ግራ ቀኝ አዙረው። ሞተሩንና ካምቢዮውን ተሸክሞ ያለውን የላስቲክ መቀመጫም እይ፣ 50 ዓመት ያለፈው ላስቲክ በ2.73 ሳይነቃነቅ ኖሮ በ3.73 ሊዘል ይችላል። ዲፈረንሻሉን ሚይዙት የኋላ አርሞች ጎሚኒም እንደዛው፣ ሼቬል ላይ አክስሉን ሚይዙት አራት አርሞች ናቸው፣ ካረጁ አክስሉ ተጠማዞ ሲመለስ ዱብ ይላል።

ለመለየት ቀላል መንገድ አለ። ማርሹን በእጅህ 1ኛ ላይ ያዘውና በዝግታ እየሄድክ ፔዳሉን ልቀቅ፣ መልሰህ ርገጥ። ማርሽ ሳይቀየር ያው ዱብታ ከመጣ ካምቢዮው የለበትም፣ ልቅነት ነው።

ሼቬል_70

ክሮቸራ_አጥባቂ 1ኛ ላይ ይዤ ሞከርኩት፣ ፔዳሉን ስለቅቅና ስረግጥ ያው ዱብታ አለ! ማርሽ ሳይቀየር። ስለዚ ዲፈረንሻሉን ያስገባልኝ ሰው ጋ ሄጄ ክፍተቱን አብረን እንለካለን። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፣ 100 ላይ ሞተሩ በጣም ይጮሃል፣ ካምቢዮውን በባለ 4 ማርሹ 700አር4 ብቀይር ይሻለኛል?

ቪ8_ብቻ

100 ላይ በ66 ሳንቲሜትር ጎማ 3.73 ሞተሩን 3000 ነው ሚያዞረው፣ በ2.73 2200 ነበር፣ ኮንቨርተሩ ሚንሸራተተው ሲጨመርበት ደግሞ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ቲኤች350 ኮንቨርተሩን ሚቆልፍበት ነገር የለውም። 700አር4 ከ1982 ጀምሮ የመጣ ነው፣ 3.06፣ 1.63፣ 1 እና 0.70 ነው ማርሾቹ። ከ3.73 ጋር 4ኛ ላይ 2.61 ይሆንልሃል፣ 100 ላይ 2100 ማለት ነው፣ ከድሮውም ያነሰ።

ግን አንድ ነገር ልንገርህ፣ 700አር4 ካስገባህ 3.73ቱ ራሱ ላያስፈልግህ ይችላል። 3.06 በ3.08 ጥርስ ስታበዛው 9.42 ነው፣ ያንተ አሁን ያለው 2.52 በ3.73 9.40 ነው። አነሳሱ አንድ ነው። ከ3.73 ጋር ግን 1ኛው 11.4 ይሆናል፣ በጣም አጭር፣ ገና ተነስተህ 2ኛ ውስጥ ነህ፣ ከ1 ወደ 2 ሲቀይርም የሞተሩ ዙር ወደ 60 በመቶው ሳይሆን ወደ 53 በመቶው ነው ሚወርደው፣ ያ ትልቅ ክፍተት ስለሆነ መቀየሩ በጣም ይሰማል። ቶሎ ቀየረ ብለህ ለተማረርክ ሰው ያንን አልመክርም።

ጥርስና_ዘይት

በቪ8_ብቻ እስማማለሁ፣ እና 700አር4 ላይ ሞዱሌተር የለም፣ ከካርቡሬተሩ ጋር ሚያያዘው ቲቪ ገመድ ነው መቀየሪያውንም ግፊቱንም ሚወስነው፣ ገመዱ በትክክል ካልተስተካከለ ግፊት ሳይኖር ይነዳና ክላቹ በአጭር ጊዜ ይቃጠላል። ለካርቡሬተሩ ሚሆነውን ማያያዣ ሳታገኝ እንዳትጀምረው።

አሁን መጀመሪያ የጥርሱን ክፍተት አስለካ፣ ሞዱሌተሩን ሳትነካ፣ ምክንያቱም ግፊቱን ካጠነከርክ ዱብታው ይጨምርና የትኛው የትኛው እንደሆነ ይጠፋብሃል። እሱ ከተስተካከለ በኋላ ሞዱሌተሩን አንድ ዙር። ቆጣሪውን በተመለከተ በካምቢዮው ጭራ ላይ ገመዱ ሚገባበት ትንሽ የፕላስቲክ ጥርስ አለ፣ እሱን ብዙ ጥርስ ባለው ትቀይረዋለህ፣ አሁን እውነተኛው 100 ሲሆን 137 አካባቢ እያሳየህ መሆን አለበት። የማርሽ መቀየሪያውን አይነካውም፣ ገቨርነሩ ከሱ ጋር ግንኙነት የለውም፣ ስለዚ እሱን በፈለግከው ሰዓት ስራው።